ኸይረዲን ባርባሮሳ፦ ከንግድ ጀልባ እስከ ኦቶማን ባሕር ኃይል አዛዥነት

ስለ ሙስሊም የጦር መሪዎች ስናወራ ቀድመው ወደ አእምሯችን የሚመጡት በፈረስ የዘመቱት ናቸው። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድን (ረ.ዐ)፣ ሰላሁዲን አል-አዩቢን፣ ሙሐመድ አል-ፋቲሕን እናነሳለን። ዕድሜያቸውን በማዕበል ላይ ያሳለፉትን ግን ብዙም አናስታውስም። በዛሬው ጽሑፋችን ከእነዚህ መካከል ስሙ እጅግ የገነነውን የኸይረዲን ባርባሮሳን ሕይወት እንቃኛለን። የመርከቦቹን ዕጣም አብረን እናያለን፤ የዚህ ሰው ታሪክ ከተማረኩ፣ ከሰመጡ፣ ከተቃጠሉና ስደተኛ ካሻገሩ መርከቦች ታሪክ ተነጥሎ አይነገርምና። (በጽሑፉ ውስጥ ሒጅራ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአራት ወንድማማቾች ቤት

የመጀመሪያ ስሙ ኺድር ነው። የተወለደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ አካባቢ በኤጂያን ባሕር በምትገኘው በሌስቦስ ደሴት ነው። ኦቶማኖች ደሴቲቱን በ1462 ሲይዙ አባቱ ያዕቁብ ከዘማቾቹ አንዱ ነበር፤ መሬት ተሰጥቶት እዚያው ቀረ። እናቱ የደሴቲቱ ተወላጅ ግሪካዊት ክርስቲያን ነበረች። ከዚህ ትዳር ኢስሐቅ፣ ዑሩጅ፣ ኺድርና ኢልያስ የተባሉ አራት ወንዶች ልጆች ተወለዱ።

ደሴት ላይ ያደገ ልጅ መንገዱ ባሕር ነው። ዑሩጅና ኺድር በለጋነታቸው ጀልባ ይዘው ከደሴት ደሴት፣ ከወደብ ወደብ ዕቃ እያመላለሱ መነገድ ጀመሩ። የኋላ ሕይወታቸውን ለሚያውቅ ሰው የሚገርመው ይህ ነው፤ መነሻቸው ጦርነት ሳይሆን ንግድ ነበር።

ይህን ሰላማዊ ኑሮ የቀየረችው አንዲት የንግድ ጉዞ ናት። ዑሩጅና ታናሹ ኢልያስ ከሻም የባሕር ዳርቻ ሸቀጥ ጭነው ሲመለሱ በሮድስ ደሴት የከተሙት የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የጦር መርከቦች አገኟቸው። እነዚህ ፈረሰኞች ከመስቀል ጦርነቱ ዘመን የተረፉ መነኮሳት ወታደሮች ሲሆኑ የሙስሊም መርከብ እያደኑ ይኖሩ ነበር። ኢልያስ ተገደለ፤ ዑሩጅ ተማረከ፤ መርከባቸውና ጭነቱም ተወሰደ። ኺድር በአንድ ቀን አንድ ወንድሙን በሞት አጣ፤ ሌላኛው ደግሞ በሰንሰለት ታስሮ ቀረበት።

የሰንሰለቱ ዓለም

ይህ ምርኮ ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት የዘመኑን የጦር መርከብ ማወቅ ያስፈልጋል። በሜዲትራኒያን የሚዋጋው መርከብ ጋሊ ይባላል። ረጅም፣ ጠባብና ዝቅ ያለ ነው። ሸራ ቢኖረውም በውጊያ ሰዓት የሚሄደው በመቅዘፊያ ነው፤ ለዚህም በአንድ መርከብ ላይ እስከ መቶ ሃምሳና ከዚያም በላይ ቀዛፊ ያስፈልጋል። ከቀዛፊዎቹ ብዙዎቹ ምርኮኞች ነበሩ። እግራቸው ከመቀመጫቸው ጋር ታስሮ እዚያው ይበላሉ፤ እዚያው ይተኛሉ። መርከቡ ሲሰጥም አብረው ይሰጥማሉ።

የክርስቲያን መርከቦችን ሙስሊም ምርኮኞች፣ የሙስሊም መርከቦችን ደግሞ ክርስቲያን ምርኮኞች ይቀዝፉ ነበር። ስለዚህ አንድ መርከብ ሲማረክ የአንዱ ነፃነት የሌላው ባርነት ነበር። ነፃ የወጣው ቀዛፊ ከመቀመጫው ሲነሳ፣ ያዘዘው ሰው ተራውን ይቀመጥበታል። ነጋዴውም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም። የያዘው በርበሬና ጨርቅ ቢሆንም የጠላት ወገን እስከሆነ ድረስ መርከቡም እሱም ምርኮ ናቸው።

ዑሩጅ በዚህ ዓለም ለዓመታት ከቆየ በኋላ ነፃ ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ንግድ አልተመለሰም። ወንድማማቾቹ ወደ ምዕራብ ተጉዘው በቱኒስ ሱልጣን ፈቃድ ከሚያገኙት ምርኮ ድርሻ ሊከፍሉት ተስማምተው ጎሌታን መቀመጫቸው አደረጉ። በ1504 ዑሩጅ በኤልባ ደሴት አካባቢ የሮማው ጳጳስ ንብረት የሆኑ ሁለት ትልልቅ ጋሊዎችን በአነስተኛ መርከብ ማረከ። እንደሚተረከው የመጀመሪያዋን ከያዘ በኋላ ሰዎቹን የምርኮኞቹን ልብስ አልብሶ፣ የራሱን መርከብ እንደተማረከች አስመስሎ ከኋላ አስጎተታት። ሁለተኛይቱም ሳትጠራጠር ቀረበችና ተያዘች። ጣሊያኖች ወንድማማቾቹን በጢማቸው ቀለም ባርባሮሳ፣ ማለትም ቀይ ጢም ብለው መጥራት የጀመሩት በእነዚህ ዓመታት ነው።

የአንደሉስ ጥሪ

በዚያው ዘመን ከባሕሩ ማዶ ትልቅ መከራ ወርዶ ነበር። በ1492 ግራናዳ ወደቀች። ለተሸነፉት ሙስሊሞች ሃይማኖታቸው እንደሚከበር ቃል ቢገባላቸውም ቃሉ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፈረሰ። በ1502 የካስቲል ሙስሊሞች ከመጠመቅና አገር ለቀው ከመውጣት አንዱን እንዲመርጡ ታዘዙ። በ1526 ይኸው ዕጣ በቫሌንሲያና በአራጎን ደረሰ። ብዙዎች በአደባባይ ክርስቲያን፣ በጓዳ ሙስሊም ሆነው ኖሩ። መውጣት ለሚፈልግ ደግሞ ከፊቱ ያለው ባሕር ነው፤ ባሕር ያለ መርከብ አይሻገርም።

የባርባሮሳ ወንድማማቾች መርከቦች በሌሊት ወደ ስፔን የባሕር ዳርቻ እየተጠጉ እነዚህን ሰዎች ወደ ሰሜን አፍሪካ ማሻገር ጀመሩ። ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን የወደፊት ሕይወታቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይሳፈሩ ነበር። በዚህ መልኩ የተሻገሩትን ሰዎች ቁጥር ቆየት ያሉ ትረካዎች 70,000 ያደርሱታል። ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ቢችልም ሥራው መሠራቱን የስፔን ሰዎችም አይክዱም። ዛሬ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ከተሞች ዘራቸውን ከአንደሉስ የሚቆጥሩ ቤተሰቦች ከእነዚህና ከእነሱ በኋላ ከመጡት ስደተኞች የተገኙ ናቸው።

የወንድማማቾቹ ቤት ግን በመሥዋዕትነት እየሳሳ ሄደ። ዑሩጅ በ1512 ቢጃያን ከስፔኖች ለማስለቀቅ ሲዋጋ አንድ ክንዱን አጣ። በ1516 አልጀርስን ያዘ። በ1518 በቲሊምሳን ጦርነት ዑሩጅም ኢስሐቅም ተገደሉ። ከአራቱ የቀረው ኺድር ብቻ ሆነ።

ብቻውን የቀረው ኺድር ስፔንን የሚያህል ኃይል በአንዲት ከተማ አቅም መቋቋም እንደማይችል ተረዳ። ነፃ ገዢ ሆኖ ከመኖር ይልቅ አልጀርስን በሱልጣን ሰሊም ጥላ ሥር አስገባ። ሱልጣኑም የአውራጃ ገዢነት ማዕረግ ሰጥቶት 2,000 የጃኒሳሪ ወታደሮች ላከለት። ኸይረዲን፣ ማለትም የዲን መልካም ነገር የሚለው የክብር ስምም ከዚያ በኋላ መጠሪያው ሆነ።

1529፦ ሁለት የመርከብ ታሪኮች

በአልጀርስ ወደብ አፍ ላይ ከከተማዋ በመድፍ ርቀት ያነሰች ትንሽ ደሴት ነበረች። ስፔኖች በ1510 ምሽግ ሠርተውባት ወደቡን አንቀው ይዘውት ነበር። በግንቦት 1529 ኸይረዲን ምሽጉን ለቀናት በመድፍ ደብድቦ ያዘው። ከዚያም አፍርሶ በድንጋዩ ደሴቲቱን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ ግድብ አሠራ፤ የዛሬው የአልጀርስ ወደብ መሠረት ይህ ነው። ምሽጉን ለመርዳት ወታደርና ስንቅ ጭነው ከስፔን የመጡ መርከቦች ዘግይተው ሲደርሱ የሚያውቁት ምሽግ ከቦታው የለም። የመጡበት ቦታ ትክክል መሆኑን እየተጠራጠሩ ሲያመነቱ የኸይረዲን መርከቦች ወጥተው ማረኳቸው ይባላል።

ሁለተኛው ታሪክ በዚያው ዓመት መኸር ላይ የሆነ ነው። ከኸይረዲን ካፒቴኖች አንዱ የነበረው አይዲን ሬይስ በቫሌንሲያ አቅራቢያ ከምትገኘው ኦሊቫ 200 ያህል የሙስሊም ቤተሰቦችን ጭኖ ሲመለስ ፖርቱንዶ የተባለ የስፔን አዛዥ በስምንት ጋሊዎች አሳደደው። ስደተኛ የሞላበት መርከብ መዋጋት አይችልም፤ መሸሽም አይችልም። አይዲን ፎርመንቴራ ደሴት ሲደርስ መጀመሪያ ያደረገው ተሳፋሪዎቹን በሙሉ ወደ የብስ ማውረድ ነበር። ፖርቱንዶ ስደተኞቹን በሕይወት ለመለሰ ሽልማት ስለተዘጋጀ መርከቦቹን መድፍ ተኩሶ ማስጠም አልፈለገም ይባላል። እሱ ሲያመነታ ቀለል ያሉት የአይዲን መርከቦች ዞረው ገቡበት። ፖርቱንዶ ተገደለ፤ ከስምንቱ ጋሊዎች ያመለጠችው አንዲት ብቻ ናት። አይዲንም ወደ ደሴቲቱ ተመልሶ ስደተኞቹን ጫነና በሰላም አልጀርስ አስገባቸው።

እኛ ከዚህ ሰው ዘመን ድሎች ሁሉ ይህችን እናስበልጣለን። ከዚህች የበለጠ ትልቅ ጦርነት ብዙ ነበር፤ በዚህች ውጊያ የዳኑት ግን መሣሪያ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

ድልና ሽንፈት

በ1533 ሱልጣን ሱለይማን ኸይረዲንን ወደ ኢስታንቡል ጠሩት። ኦቶማኖች በየብስ ኃያል ቢሆኑም በባሕር የጄኖዋው አንድሪያ ዶሪያ እያስቸገራቸው ነበር። በዓመቱ ኸይረዲን የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ፣ ካፑዳን ፓሻ ሆነ። ቅዝቃዜው እስኪያልፍ ድረስ በወርቃማው ቀንድ የመርከብ መሥሪያ ውሎ እያደረ በደርዘን የሚቆጠሩ አዳዲስ ጋሊዎችን አሠራ። በነሐሴ 1534 ቱኒስን ያዘ።

ድሉ ግን ዓመት አልቆየም። በ1535 የስፔኑ ንጉሥና የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ቻርለስ አምስተኛ ራሱ ግዙፍ ጦር ይዞ መጣ። ጎሌታ ስትወድቅ በወደቧ የነበሩት የኸይረዲን መርከቦች በጠላት እጅ ገቡ። ቱኒስም ተያዘች፤ ነዋሪዎቿ በጅምላ ተገደሉ፤ ተዘረፉ፤ በባርነትም ተነዱ። ኸይረዲን ግን የተወሰኑ መርከቦችን አስቀድሞ በስተ ምዕራብ በአናባ ወደብ አኑሮ ነበር። ሁሉም ነገር አበቃ ሲባል ወደዚያ አፈግፍጎ ባሕር ገባ። አውሮፓ ሞቱን እየጠበቀች ሳለ የስፔን ሰንደቅ አውለብልቦ በሚኖርካ ደሴት ማኦን ወደብ ገባ። ነዋሪዎቹ የራሳቸው ጦር በድል የተመለሰ መስሏቸው ነበር። ከተማዋ ተዘረፈች፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ተማርከው ተወሰዱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። አውሮፓውያን ጸሐፊዎች ለዘመናት ኸይረዲንን የባሕር ወንበዴ ሲሉት ኖረዋል። ይህ ሚዛናዊ አይደለም። እሱ የመንግሥት አዛዥ ነበር፤ የሮድሶቹ ፈረሰኞችም ዶሪያም የሙስሊም መርከብና መንደር ሲዘርፉ ኖረዋል፤ ወንድሞቹንም የበላው ይኸው ሥርዓት ነው። ይህን ካልን በኋላ ግን የማኦንና የጣሊያን ጠረፍ ገበሬዎች ለቱኒስ ጥፋት ተጠያቂ አልነበሩም ማለትም ግዴታችን ነው። ኢስላም በጦርነት ውስጥ እንኳ ያልተዋጋን ሰው መግደልን ከልክሏል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣትንም ትልቅ ዒባዳ አድርጎታል። ጀግናን መውደድ ያደረገውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። የወደድነውን ሰው በፍትሕ መመዘን ዲናችን ያስተማረን ነው።

ፕሬቬዛ፦ ነፋሱ የቆመበት ቀን

በ1538 ጳጳሱ፣ ቬኒስና ቻርለስ አምስተኛ ተባብረው ታላቅ የባሕር ጦር አሰናዱ። መሪው አንድሪያ ዶሪያ ነበር። የመርከቦቹን ብዛት አንዳንዶቹ ከ200፣ አንዳንዶቹ ከ300 በላይ ያደርሱታል። ኸይረዲን የነበሩት 122 ያህል የቀዘፋ መርከቦች ነበሩ። ቦታው በግሪክ ምዕራብ ጠረፍ፣ ፕሬቬዛ አጠገብ ያለው የአርታ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ31 ዓመት ኦክታቪያን አንቶኒዮስንና ክሊዮፓትራን ድል ያደረገውም በዚሁ መግቢያ ላይ ነበር።

ኸይረዲን መርከቦቹን በጠባቡ አፍ አስገብቶ ከውስጥ ተቀመጠ። መግቢያው ጥልቀት የሌለውና በምሽግ መድፍ የሚጠበቅ ስለሆነ ትልልቆቹ የጠላት መርከቦች ሊገቡበት አልቻሉም። ዶሪያ ከውጭ ሆኖ ሲጠብቅ ዳርቻው ክፍት ነበር፤ ማዕበል ቢነሳ መጠጊያ አልነበረውም። በመጨረሻ መልሕቁን ነቅሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሌፍካዳ ደሴት አቅጣጫ አመራ። መስከረም 28 ቀን ማለዳ (945 ዓመተ ሒጅራ) ኸይረዲን ተከትሎት ወጣ። ከፊት የሚቀድመው ቱርጉት ሬይስ ነበር።

ያን ዕለት ነፋሱ ቆመ። የዶሪያ ጦር ግማሹ በሸራ፣ ግማሹ በመቅዘፊያ የሚሄድ ነበር። ባለ ሸራዎቹ ከባድ መርከቦች ባሉበት ተገትረው ቀሩ፤ ጋሊዎቹ ከእነሱ ርቀው ነበር። የኸይረዲን ግን ሁሉም መቅዘፊያ አላቸው። ብቻቸውን የቀሩትን የጦርና የጭነት መርከቦች አንድ በአንድ እየከበበ ይመታቸው ጀመር።

የጠላትንም ጀግንነት መናገር ተገቢ ነው። ኮንዱልሜር በተባለ ካፒቴን የሚመራው የቬኒስ ትልቅ ጋሊዮን ሳይንቀሳቀስ በመድፍ ኃይሉ ብቻ ቀኑን ሙሉ ተከላከለ። ክፉኛ ቢጎዳም ሳይያዝ መሸበት። ዶሪያ ግን ሊረዳው አልቀረበም። ጋሊዎቹን ይዞ ወደ ክፍት ባሕር ሲወጣና ሲዞር ዋለ፤ ማታ ነፋስ ሲነሳ ወደ ኮርፉ ሸሸ። የተማረኩትን መርከቦች ቁጥር የቱርክ ጸሐፊዎች 36 ሲያደርሱት የአውሮፓውያኑ ያሳንሱታል። ኸይረዲን አንድም መርከብ አልጠፋበትም።

ዶሪያ ለምን አልተዋጋም? ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። አንድ የማይካድ ነገር ግን አለ። ዶሪያ የሚያዛቸው ጋሊዎች ብዙዎቹ ለንጉሡ ያከራያቸው የግል ንብረቱ ነበሩ። የጄኖዋ ሰው ስለሆነም የከተማው የቆየች ተፎካካሪ ለሆነችው ለቬኒስ ሲል ሀብቱን ማስጠም አላጓጓውም። ቬኒሶችም አያምኑትም ነበር። ያ ሁሉ መርከብ ብዙ ጌታና ብዙ ሐሳብ ተሸክሞ ነበር፤ የኸይረዲን መርከቦች ግን አንድ አዛዥ ብቻ ነበራቸው። በቁጥር የበለጠ ኃይል ልቡ ከተከፋፈለ ምን እንደሚገጥመው ከፕሬቬዛ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። ቬኒስም በ1540 ካሳ ከፍላ ለብቻዋ ሰላም አወረደች።

የመጨረሻ ዓመታት

በጥቅምት 1541 ቻርለስ በግንባር አልጀርስን ሊይዝ ሲዘምት ኸይረዲን እዚያ አልነበረም፤ ከተማዋን የጠበቀው ምክትሉ ሐሰን አጋ ነው። ጦሩ እንደወረደ በተነሳ ብርቱ ማዕበል 150 ያህል መርከቦች ከዳርቻው እየተጋጩ ተሰባበሩ። ሜክሲኮን የወረረው ሄርናን ኮርቴስም ከዘመቻው ተሸናፊዎች አንዱ ነበር።

በ1543 ኦቶማኖች ከፈረንሳይ ጋር በመተባበራቸው ኸይረዲን ኒስን ወግቶ የብርዱን ወራት ከነሠራዊቱ በፈረንሳይዋ ቱሎን ከተማ አሳለፈ። በዚያ ጊዜ የከተማዋ ካቴድራል መስጊድ ሆኖ አገልግሏል። በ1544 ሲመለስ በጄኖዋ ጋሊ ላይ ታስሮ ሲቀዝፍ የቆየውን የፕሬቬዛ ጓዱን ቱርጉት ሬይስን 3,500 ዱካት ከፍሎ አስፈታ። ወንድሙ በሰንሰለት ሲታሰር ያየ ሰው በስተርጅና ጓደኛውን ከሰንሰለት ፈታ።

ከዚያም የሕይወት ታሪኩን አስጽፎ ሐምሌ 1546 (953 ዓመተ ሒጅራ) በኢስታንቡል አረፈ። ሚማር ሲናን የሠራለት መቃብር በቦስፎረስ ዳርቻ በበሺክታሽ ሰፈር ይገኛል፤ የኦቶማን መርከቦች ለዘመቻ ሲወጡ በዚያ ሲያልፉ መድፍ ተኩሰው ሰላምታ ይሰጡት ነበር። ቱርክ ዛሬም የባሕር ኃይሏን ቀን የምታከብረው የፕሬቬዛን ድል በማሰብ መስከረም 27 ነው።

ስሙን የያዙ መርከቦች ግን ሁሉም እንደሱ አልቀናቸውም። ኦቶማኖች በ1910 ከጀርመን ሁለት ያገለገሉ የጦር መርከቦች ገዝተው አንዱን ባርባሮስ ኸይረዲን፣ ሌላውን ቱርጉት ሬይስ ብለው ሰየሙ። ነሐሴ 8 ቀን 1915 ባርባሮስ ኸይረዲን ወደ ጋሊፖሊ ግንባር ሲጓዝ በማርማራ ባሕር በእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሰጠመ፤ ከ250 በላይ መርከበኞች ሞቱ። ቱርጉት ሬይስ ግን ከጦርነቱ ተርፎ እስከ 1950ዎቹ ቆየ። ስም መርከብን አያድንም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? መርከብ ለሁሉም አንድ ነው፤ ለምን እንደተላከ የሚወስነው የያዘው ሰው ነው። ያው ጋሊ ማኦን ላይ ገበሬ ለባርነት ጭኗል፤ ኦሊቫ ላይ ደግሞ የተገፋን ቤተሰብ ወደ ነፃነት አሻግሯል። ዛሬም በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በደካማ ጀልባ ሲሳፈሩ፣ ነጋዴውም በጦርነት መሐል ሲያልፍ እናያለን። ጉልበትና መርከብ ያለው ወገን ከአይዲን ሬይስ ሊማር የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ከመዋጋቱ በፊት ተሳፋሪዎቹን የብስ አወረደ።

አላህ ለኸይረዲንና ለወንድሞቹ ይዘንላቸው፤ ከበጎ ሥራቸው ትምህርት የምንወስድ፣ ከስህተታቸውም የምንጠነቀቅ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።